ሃያ በመቶ ከየት?

በኅዳር ወር አንድ እንግዳ ስለ ቁጠባ ሊያስተምሩን ወደ ክፍላችን መጥተው ነበር። ሰሌዳው ላይ 50፣ 30፣ 20 የሚሉ ሦስት ቁጥሮች ጻፉ። ከገቢያችን ግማሹ የግድ ለሆነው ወጪ፣ 30 በመቶው ደስ ለሚለን ነገር፣ 20 በመቶው ደግሞ ለቁጠባ ነው አሉን። ይህ ደንብ አሜሪካዊቷ ኤልዛቤት ዋረን ከልጃቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ የታወቀ ነው። እንግዳችን አንደበተ ርቱዕና ደግ ሰው ነበሩ። ሲጨርሱም «ቁጠባ የልማድ ጉዳይ ነው፤ የገቢ ጉዳይ አይደለም» አሉ። እኛም አጨበጨብን።

በዕረፍት ሰዓት አንዲት ጓደኛችን ስልኳን አውጥታ ማስላት ጀመረች። በጅቡቲ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 35,000 ፍራንክ ነው። የዚህ 20 በመቶ 7,000 ፍራንክ ይሆናል። «እናቴ በየወሩ ሰባት ሺህ ብታስቀምጥ እኛ ቤት ምን ይበላል?» አለችን። የመለሰላት አልነበረም። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያች ጥያቄ ነው።

እኛ ጸሐፊዎቹ የ12ኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ነን። ሰኔ ላይ ከዚህ ግቢ ስለምንወጣ ከታች የምንጠይቀው ነገር ቢፈቀድ የሚጠቅመው ታናናሾቻችንን እንጂ እኛን አይደለም። ይህን አስቀድመን የምንናገረው ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን «ለራሳቸው ነው የሚከራከሩት» እንዳይሉን ነው።

የማንንም ጓዳ አልፈተሽንም። ሦስት ቤቶችን በሐሳባችን ሠርተን ለእያንዳንዳቸው ገቢና ወጪ መደብንላቸው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተጠጋጉ ናቸው። የትምህርት ክፍያውንም ለአንድ ልጅ በወር 5,000 ፍራንክ፣ በዓመት ለ10 ወር 50,000 ፍራንክ ብለን ይዘናል።

በመጀመሪያው ቤት እናት በሰው ቤት ሠርታ 35,000 ታገኛለች፤ ማታ ማታ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ደግሞ 10,000 ትጨምራለች። ጠቅላላው ገቢ 45,000 ፍራንክ ነው። ለምግብና ለማገዶ 20,000፣ ባልባላ ላለችው አንድ ክፍል 10,000፣ ለውኃና ለመብራት 3,000፣ ለትራንስፖርትና ለስልክ 2,000፣ ለአንድ ልጅ ትምህርት 5,000፣ ለአገር ቤት ዘመድ 3,000 ይወጣል። የሚተርፈው 2,000 ፍራንክ፣ ማለትም 4 በመቶ ተኩል የማይሞላ ነው። ልብስ፣ ሕክምና፣ ለቅሶና ሠርግ የሚሸፈኑትም ከዚያችው 2,000 ነው።

በሁለተኛው ቤት አባት በትራንዚት ሥራ፣ እናት በትንሽ ሱቅ ተባብረው 120,000 ያገኛሉ። ምግብ 36,000፣ ኪራይ 30,000፣ ውኃና መብራት 14,000፣ ትራንስፖርትና ስልክ 8,000፣ የሁለት ልጆች ትምህርት 10,000፣ አገር ቤት 7,000፣ ልብስና ሕክምና 6,000 ይወስዳል። 9,000 ይተርፋል፤ ይህም 7 ተኩል በመቶ ነው።

ሦስተኛው ቤት 400,000 ያገኛል። ምግብ 72,000፣ ኪራይ 90,000፣ ውኃና ኤሲ እንደ ልብ የሚሠራበት መብራት 40,000፣ መኪናና ስልክ 30,000፣ የሁለት ልጆች ትምህርት 10,000፣ አገር ቤት 20,000፣ የቤት ሠራተኛ 35,000፣ ሌላ ሌላው 23,000 ነው። የሚተርፈው 80,000 ፍራንክ በትክክል 20 በመቶ ነው። እንግዳችን የነገሩንን ደንብ የሚሞላው ይህ ቤት ብቻ ሆነ። የሚሞላውም ሳይጨነቅ፣ በዓመት አንድ ጊዜ አገር ቤት ደርሶ እየመጣ ነው።

አንባቢ ልብ ካለ፣ ሦስተኛው ቤት ለሠራተኛ የሚከፍለው 35,000 የመጀመሪያዋ እናት ደመወዝ ነው። ሁለቱ ቤቶች በአንድ በር ይገናኛሉ።

እስኪ ምግቡን እንመልከት። የመጀመሪያው ቤት ከገቢው 44 በመቶውን ይበላል፤ ሁለተኛው 30 በመቶውን፣ ሦስተኛው 18 በመቶውን። ይህን እኛ አላገኘነውም። ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤርንስት ኤንግል የቤልጂግ ሠራተኞችን የቤት ወጪ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1857 ጽፎታል። ቤተሰብ ድሀ በሆነ ቁጥር ከገቢው ለምግብ የሚያወጣው ድርሻ ይበዛል። ሆድ በመቶኛ አይቆጥርም፤ ሀብታሙም ድሀውም የሚፈልገው እንጀራ ቁጥሩ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ከላይ ያለው ቤት 20 በመቶ ያስቀመጠው ከታች ካለው ይልቅ ቆጣቢ ስለሆነ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። እንዲያውም ወጪ ቢቀንስ ከማን ቤት ብዙ እንደሚገኝ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

አንድ ነገር ግን አስገርሞናል። ለአገር ቤት የሚላከውን ስናሰላ የመጀመሪያው ቤት ከገቢው 6.7 በመቶ፣ ሦስተኛው 5 በመቶ ይልካል። ቁጥሩን የመደብነው እኛው ስለሆንን እንደ ማስረጃ አናቀርበውም፤ ነገር ግን ስንመድብ ማናችንም ከ3,000 በታች ለመጻፍ እጃችን አልታዘዘም። በየቤታችን የምናውቀው ስለሆነ ነው። የታመመ አባት «በዚህ ወር በመቶኛ አልደረሰህም» አይባልም። ይህ ገንዘብ ወጪ ነው ወይስ ቁጠባ? በባንክ ደብተር ላይ የለም። ነገር ግን ነገ እኛ ብንቸገር የሚደርስልን ያ ዘመድ ነው። ከመካከላችን አንዱ «ወለዱ ምርቃት የሆነ ባንክ» ብሎ ሲቀልድ ሌላው «ሁልጊዜም አይከፍልም» አለው። ሁለቱም እውነት ሳይኖራቸው አይቀርም።

የኢኮኖሚክስ ሊቃውንትም በዚህ ጉዳይ አንድ ሐሳብ ላይ ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ኬንስ እ.ኤ.አ. በ1936 ገቢ ሲጨምር ከገቢው የሚቆጠበውም ድርሻ እየጨመረ እንደሚሄድ ጻፈ። ከ10 ዓመት በኋላ ሳይመን ኩዝኔትስ ከ1869 ጀምሮ ያለውን የአሜሪካ መረጃ ሰብስቦ ሲያይ፣ አገሪቱ እጅግ ስትበለጽግ የቁጠባው ድርሻ ብዙም ሳይለወጥ እንደቆየ አገኘ። ሁሉም ሰው ሀብታም ሲሆን ለምን ሁሉም አብዝቶ አልቆጠበም? ጄምስ ዱዘንቤሪ እ.ኤ.አ. በ1949 የሰጠው መልስ ለእኛ ሰፈር የተጻፈ ይመስላል። ሰው የሚያወጣው የራሱን ገቢ ብቻ አይቶ ሳይሆን ጎረቤቱንም አይቶ ነው ይላል። ጎረቤት ሶፋ ሲቀይር ሶፋችን ያረጃል። የዚያን ቤት ልጅ የልደት ድግስ ያየች እናት ለራሷ ልጅ ኬክ ሳትገዛ አታድርም። ሚልተን ፍሪድማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 የአንድ ወርን ገቢ ከሰው የዘለቄታ ገቢ ለይተን እንድናይ አስተማረ። በአንድ መጥፎ ወር ከገቢው በላይ ያወጣ ሰው አባካኝ ላይሆን ይችላል፤ ወሩ ከፍቶበት ይሆናል። በአሜሪካ መንግሥት የሸማቾች ወጪ ጥናት ዝቅተኛው አምስተኛ እርከን ላይ ያሉት ቤቶች ከሚያገኙት በላይ እንደሚያወጡ የሚታየውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሥራ ያጣው፣ ጡረታ የወጣው፣ ተማሪው ሁሉ እዚያ እርከን ውስጥ አለ። ሆኖም ዳይናን፣ ስኪነርና ዜልደስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ሥራ የዘለቄታ ገቢንም ለይተው ቢያዩ ሀብታሞቹ ከገቢያቸው የበለጠ ድርሻ እንደሚቆጥቡ አሳይተዋል። ስለዚህ የእንግዳችን «የገቢ ጉዳይ አይደለም» የሚለው ቃል አይጸናም። ልማድ የራሱ ቦታ አለው፤ ገቢ ግን ከልማድ በፊት ይመጣል።

ይህን ሁሉ አንብበን ስናበቃ አንድ ቀን ወደዚያች ጓደኛችን ቤት ሄድን። እናቷ ቡና እያፈሉ ስለ ቁጠባ ጠየቅናቸው። «እኔ ልጆቼ፣ መቆጠብ የት አውቄ! ዕቁብ ብቻ ነው የምጥለው» አሉን።

ይህን ቃል ስንሰማ እርስ በርስ ተያየን። እኚህ እናት ዓርብ ዓርብ 500 ፍራንክ ይጥላሉ። ዕቁብተኞቹ 20 ናቸው፤ ዕጣው የወጣላት 10,000 ፍራንክ ትወስዳለች። በዓመት 26,000 ፍራንክ በእጃቸው ያልፋል ማለት ነው። በመጀመሪያው ዕጣ የቡታጋዝ ምድጃና የልጃቸውን ዩኒፎርም ገዙ። ሁለተኛው ሲወጣ አገር ቤት አባታቸው ታመው ነበርና ሄደ። ዓመቱ ሲያልቅ «ስንት ቆጠቡ?» ቢባሉ መልሳቸው «ምንም» ነው። በመቶኛ ቢሰላም ዜሮ ይወጣል። ዜሮው ግን ባዶ አይደለም። ምድጃው አለ፣ ዩኒፎርሙ አለ፣ አባትም ድነዋል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ «የድሆች ፖርትፎሊዮ» የሚባል ጥናት አለ። አጥኚዎቹ በባንግላዴሽ፣ በሕንድና በደቡብ አፍሪካ ከድሀ ቤተሰቦች ጋር ለአንድ ዓመት ያህል በየሁለት ሳምንቱ እየተገናኙ የገባውንና የወጣውን ሁሉ መዘገቡ። ያዩት ነገር እኛ በዚያ ቡና ላይ ያየነውን ይመስላል። ምንም የማይቆጥብ ቤት አላገኙም። ድሆች የሚቆጥቡት ለእርጅና ሳይሆን ለመጪው ወር፣ ለሚቀጥለው ኪራይ፣ ለድንገተኛ ሕመም ነው። ገንዘቡ ይጠራቀምና ይወጣል፣ ደግሞ ይጠራቀማል። በዓመቱ መጨረሻ የቀረውን ብቻ ለሚቆጥር ሰው ይህ ሁሉ ድካም አይታየውም። ይህን ለመግለጽ የሩቅ ጥናት ያስፈልገን ነበር ወይ የሚል ካለ፣ አላስፈለገንም። የሶማሊ ጎረቤቶቻችን ሀግባድ ወይም አዩቶ ይሉታል፤ ናይሮቢ ቻማ ይባላል፤ እኛ ዕቁብ እንላለን። በሁሉም ዘንድ ገቢው ትንሽ የሆነ ሰው ብቻውን የማያጠራቅመውን ከሌሎች ጋር ሆኖ ያጠራቅማል።

ለምን ብቻውን አያጠራቅምም? ይህን ጥያቄ ለኬንያ የመለሱት ፓስካሊን ዱፓና ጆናታን ሮቢንሰን ናቸው። በምዕራብ ኬንያ ለሰዎች ቁልፍ ያለው ተራ የብረት ሣጥን ሰጡ። ወለድ አልነበረውም፣ ሽልማትም አልነበረውም። ሆኖም ገንዘብን በደኅና የሚያኖሩበት ቦታ ማግኘታቸው ብቻ ለጤና የሚያስቀምጡትን በ66 በመቶ አሳደገው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ችግሩ ሰዎቹ መቆጠብ አለመውደዳቸው አልነበረም። በኪስ ያለ ገንዘብ ይጠየቃል፤ ያለው ሰው ደግሞ የለኝም ማለት ያፍራል። ሣጥን ውስጥ ያለው ግን «ተቆልፏል» ይባላል። «ለዕቁብ ነው» ማለትም እንዲሁ ነው። ዘመድም ቢሆን የዕቁብ ገንዘብ ስጪኝ ብሎ ደፍሮ አይጠይቅም።

ቦታው ራሱ ሲያፈስስ ምን እንደሚሆንም አይተናል። አንዳንድ ወላጆቻችን እዚህ ለፍተው ያገኙትን አገር ቤት በብር ያስቀምጡ ነበር። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን የኢትዮጵያ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር ይቀበላል፤ በ107 ብሩ የሚገዛው ግን ዓምና በ82 ብር ይገዛ የነበረውን ነው። ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በግማሽ ዓመት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆነ። 57,000 ብር የነበራት እናት ቀድሞ 1,000 ዶላር ያህል ነበራት፤ በኋላ የቀራት ከ500 ዶላር ያነሰ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ግን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ተቆርጦ እንደጸና ነው። በፍራንክ ዕቁብ የጣለችው «መቆጠብ የማታውቀው» እናት ባንክ ከተጠቀመው ጎረቤቷ የተሻለ ጠበቀች። ይህ ደግሞ በልማድም በገቢም የሚገለጽ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ሐቀኞች አንሆንም። በከተማችን እኩለ ቀን አልፎ ጫቱ ሲደርስ መንገዱ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። በቀን 500 ፍራንክ ለጫት የሚያወጣ አባት በወር 15,000 ያወጣል። ይህ የመጀመሪያው ቤት በወር ከሚተርፈው ሰባት እጥፍ ተኩል ነው። እንዲህ ያለ ቤት ስለ ገቢ ማነስ ቢያማርር እኛም አንሟገትለትም። ነገር ግን ጫት የሚቃመው በትንሽ ገቢ ቤት ብቻ አይደለም። በትልቁ ቤት 15,000 ሲወጣ ማንም አያይም፤ በትንሹ ቤት ሲወጣ ግን ልጅ ከትምህርት ይቀራል። በአንድ ጥፋት ሁለት ዓይነት ቅጣት ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ግቢያችን እንምጣ፤ ይህን ሁሉ ያነሣነው ለዚህ ነውና። የዓመቱን ክፍያ በመስከረም በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ወላጅ 10 በመቶ ቅናሽ አለ። ወሩ በገባ ከአምስተኛው ቀን በኋላ ለሚከፍል ደግሞ 500 ፍራንክ ቅጣት አለ። ሁለቱም ሕጎች ሲታዩ ምንም ክፋት የለባቸውም። ቀድሞ የከፈለ ይሸለም፣ የዘገየ ይቀጣ የሚል ነው። ቤቶቻችንን ወደዚህ ሕግ አስገብተን ስናሰላቸው ግን እንዲህ ሆነ።

50,000 የነበረው ክፍያ በቅናሹ 45,000 ይሆናል። 45,000 የመጀመሪያው ቤት የአንድ ወር ሙሉ ገቢ ነው። ሳይበሉ፣ ሳይከራዩ፣ ሳይልኩ ማለት ነው። በወር ከምትተርፋቸው 2,000 ቢያጠራቅሙት 22 ወር ተኩል ይፈጃል። ሦስተኛው ቤት በወር 80,000 ስለሚተርፈው ለሁለት ልጆቹ የሚከፍለው 90,000 የአንድ ወር ከጥቂት ቀን ቁጠባው ነው። ስለዚህ 10,000 ፍራንክ ቅናሽ ወደ ሦስተኛው ቤት ይገባል፤ ወደ መጀመሪያው ምንም አይገባም። ለመጀመሪያው ቤት የአንድ ልጁ 5,000 ቅናሽ የሁለት ወር ተኩል ቁጠባ ነበር። ለሦስተኛው ቤት 10,000 ፍራንክ የአራት ቀን ቁጠባ አይሞላም። ቅጣቱስ? 500 ፍራንክ ለመጀመሪያው ቤት የአንድ ሳምንት ዕቁብ ነው። ደመወዟ በ7ኛው ቀን የሚከፈላት እናት በየወሩ አንድ ዕቁብ ለቅጣት ትጥላለች። ዕጣው ግን መቼም አይወጣላትም።

የወቅቱም ነገር አለ። አገር ቤት ክረምት የሚባለው ጊዜ እዚህ እሳት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱን ሸሽቶ መውጣት የሚችል ሁሉ ይወጣል። አሠሪዎች ለሁለት ወር ሲሄዱ ደመወዝ የሚያቋርጡ አሉ። እንጀራ ገዢውም ይቀንሳል። የመጀመሪያው ቤት እጁ ባዶ የሚሆነው ልክ በመስከረም ዋዜማ ነው። ደብተር፣ ቦርሳና ዩኒፎርም የሚገዛው፣ ቅናሹም የሚሰጠው በዚያው ሰሞን ነው።

ክፍያ ያልከፈሉ ተማሪዎች ስም በክፍል ውስጥ ስለሚነበብበት ጉዳይ ብዙ አንልም። በሦስተኛ ክፍል ሳለን ስሟ ተነቦ ቦርሳዋን ይዛ የወጣች ልጅ አሁን ከእኛ ጋር ይህን ጽሑፍ እየጻፈች ነው። የዚያን ቀን ትምህርቱ ማካፈል እንደነበረ እስከ ዛሬ ታስታውሳለች።

አስተዳደሩ የሚሰጠውን መልስ እናውቃለን፤ በከፊልም እንቀበለዋለን። ትምህርት ቤትም እንደ ቤት ነው። በመስከረም መጽሐፍ መግዛት፣ ኪራይ መክፈል፣ በሐምሌና በነሐሴም ለመምህራን ደመወዝ መክፈል አለበት። ገንዘብ በእጁ ከሌለ መምህር ይለቃል፤ መምህር ሲለቅ ደግሞ የሚጎዳው የሁሉም ቤት ልጅ ነው። ቅናሹ የተደረገው ለሀብታም ለማዳላት ሳይሆን በመስከረም ጥሬ ገንዘብ ለማግኘት ነው። ስለዚህ ቅናሹ ይቅር አንልም። የምንለው ቅናሹ በዓመት ሳይሆን በወር ይቆጠር ነው።

ይኸውም እንዲህ ነው። ማንኛውም ወላጅ ወሩ ከመግባቱ በፊት የዚያን ወር ክፍያ ካጠናቀቀ የዚያን ወር 10 በመቶ፣ ማለትም 500 ፍራንክ ይቀነስለት። ክፍያውንም በአንዴ እንዲያመጣ አይገደድ። ከሚያዝያ ጀምሮ ለሚቀጥለው ዓመት 500ም ይሁን 1,000 ፍራንክ እያመጣ በካርድ ላይ ይመዝገብለት፣ ደረሰኝም ይሰጠው። ለኢድ ወይም ለፋሲካ አሠሪዋ የበዓል የሰጠቻት እናት በዚያው ቀን ገንዘብ ያዡ ዘንድ ትሂድ። ገንዘቡ ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ፣ በአስተዳደሩና በወላጅ ኮሚቴው ጣምራ ፊርማ ይቀመጥ። የብረቱ ሣጥን እንግዲህ ይህ ነው። የመጀመሪያዋ እናት ከ10ሩ ወር አራቱን እንኳ አስቀድማ ብትከፍል 2,000 ፍራንክ፣ የአንድ ወር ሙሉ ትርፏ ይመለስላታል። ትምህርት ቤቱም ገንዘብ ማግኘት የሚጀምረው መስከረም ላይ ሳይሆን ሚያዝያ ላይ ይሆናል።

ሁሉም ወላጅ አስቀድሞ ቢከፍልስ? ያኔ ትምህርት ቤቱ ከእያንዳንዱ ልጅ 50,000 ሳይሆን 45,000 ብቻ ያገኛል፤ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። በዚህ ላይ እርስ በርሳችን አልተስማማንም። ግማሾቻችን ቅናሹ ለሁሉም 5 በመቶ ይሁን ብለናል፤ ያኔ ክፍያው 47,500 ይሆናል። ግማሾቻችን ደግሞ 10 በመቶው ይቆይና የሚሰጠው ለአንድ ልጅ እስከ አምስት ወር ድረስ ብቻ ይሁን ብለናል። ሁለተኛው ሐሳብ ዓመቱን በአንዴ የሚከፍሉ ወላጆችን እንደሚያስከፋ እናውቃለን። ከእነርሱም የአንዳንዶቹ ልጆች በዚህ ጽሑፍ ላይ ፈርመዋል።

ስለ ቅጣቱ ሁላችንም አንድ ነን። የመክፈያው መጨረሻ ከ5ኛው ቀን ወደ 10ኛው ቢዛወር ትምህርት ቤቱ የሚያጣው አምስት ቀን ነው። የስም ንባቡም ይቅርና ለወላጅ በስልክ ይነገር። ክፍያ የዘገየው ልጁ ስላጠፋ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም እናቱ ስላጠፋች አይደለም።

እንግዳችን የጻፉት 20 በመቶ ውሸት ነው አላልንም። 400,000 ለሚያገኝ ቤት ጥሩ ደንብ ነው፤ እዚያ ቤት ያለን ልጆችም ስናድግ ልንጠብቀው ይገባል። የሚመጣው ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች እኚህን እንግዳ ደግመው ቢጋብዟቸው ግን ከእርሳቸው ጎን አንዲት የዕቁብ ዳኛም ይጋብዙ። 20 ሰው ለ20 ሳምንት ሳይቋረጥ እንዲጥል ማድረግ እንዴት እንደሚቻል፣ ዕጣ ወስዶ ሊጠፋ የሚያስብን ሰው አስቀድሞ እንዴት እንደሚያውቁት፣ ባሏ የሞተባትን ዕቁብተኛ ተራ ቀድመው እንዴት እንደሚሰጧት ከእርሷ የሚሰማ ብዙ ነው። ይህ በኢኮኖሚክስ መጽሐፋችን ውስጥ የለም።

ከላይ ያለውን ሐሳብ በአንድ ገጽ አድርገን በመጋቢት ወር ለወላጅ ኮሚቴው ሰጥተናል። ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚያየው ገልጾልናል። ይህ መጽሔት ወደ ማተሚያ ቤት እስኪገባ ድረስ ስብሰባው አልተደረገም። የካርዱን ናሙና ግን ያቺው ጓደኛችን ሠርታ ጨርሳለች፤ በአንድ በኩል አሥር ወሮች፣ በሌላው በኩል ለ500፣ 500 ፍራንክ የተሰመሩ ትንንሽ ሣጥኖች አሉት። ለማየት የሚፈልግ ወላጅ በ12ኛ ክፍል በር ላይ ተለጥፎ ያገኘዋል።